አባቴ ደም መላሽ አልሆነም

ጌታ ባስተማረን የ«አባታችን ሆይ» ጸሎት ውስጥ እኛ የምናደርገውን ነገር የምንናገርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ምስጋናና ልመና ነው። መንግሥትህ ትምጣ፣ የዕለት እንጀራችንን ስጠን፣ ከክፉ አድነን። እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ግን «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እንላለን። ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ ሲጨርስ ተመልሶ ያብራራውም ይህንኑ ብቻ ነው። ማቴዎስ 6 ላይ ቁጥር 14ንና 15ን ተመልከቱ። ስለ እንጀራው ምንም አልጨመረም፤ ስለ ፈተናውም አልጨመረም። «ለሰዎች ግን ኃጢአታቸውን ይቅር ባትሉ፥ አባታችሁም ኃጢአታችሁን ይቅር አይላችሁም» አለ።

ይህን ጸሎት ጠዋት እንደግመዋለን፤ ማዕድ ሲቀርብ፣ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ላይ እንደግመዋለን። አፋችን ለምዶታል። ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አባቶቻችን ያውቁት ስለነበር «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው አስቀምጠውልናል።

እኔ ስለ በቀልና ይቅርታ ሳስብ ሁሌም የምጀምረው ከሴት አያቴ ነው።

የአባቴ አባት የሞተው ጎጃም ውስጥ በእርሻ ድንበር ጠብ ነው። ከገዳዩ ጋር ጎረቤታሞች ናቸው። አንድ ደብር ያስቀድሳሉ፣ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። ክረምት ሊገባ ሲል የድንበሩ ድንጋይ ተነቀለ ተባለ። ቃል ተወራወሩ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ሸፈተ። አባቴ ያኔ ገና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። ከእሱ በላይ ወንድ ልጅ የለም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ለቅሶው ላይ የሟቹ ጠመንጃና ልብስ ይወጣል። አልቃሿ ሟቹን እያወደሰች፣ ዓይኗን ግን ከልጁ ላይ አትነቅልም። ግጥሟ ለልጁ ሥራ ይሰጠዋል። ወንዶቹ ተነስተው ይፎክራሉ። ልጁ ምንም ሳይገባው ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው ዕዳ በዚያች ቀን ትከሻው ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ እስኪጎረምስ ይጠበቃል። የሚጠብቁት የራሱ ዘመዶች ብቻ አይደሉም፤ የገዳዩም ወገኖች ይጠብቁታል። አንዳንዴ ሳያድግ ይቀድሙታል። ደምመላሽ የሚል ስም ያላቸው ሰዎች በየሰፈራችን ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አያቴ የባሏን ምንሽር ግድግዳ ላይ ሰቅላ አላቆየችውም። ሸጠችው። በገንዘቡ አባቴን ከተማ፣ ዘመድ ቤት አስቀምጣ ተማሪ ቤት አስገባችው። ሰው አፉን አላሰረም። «ፈርታ ነው» አሉ። «የባሏን ደም ሸጠች» ያለም ነበር። የባሏ ወንድሞች ደጇን መርገጥ ተዉ። እሷ ግን አንዲት መልስ ነበረቻት፤ «አንዱን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛውን በገዛ እጄ ልቅበር?»

ልብ በሉልኝ፤ ያን ጊዜ አያቴ ይቅር አላለችም። በቀሉን ብቻ ነው የተወችው። እነዚህ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉናል፤ አይደሉም። በቀልን መተው በአንድ ቀን ሊወሰን ይችላል። እጅህን ትሰበስባለህ፣ መሣሪያውን ትሸጣለህ፣ አፍህን ትይዛለህ። ይቅርታ ግን የልብ ነው፤ ልብ ደግሞ እንደ እጅ አይታዘዝም። ብዙ ክርስቲያኖች የሚሰቃዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በቀሉን ከተዉ ቆይተዋል፤ ነገር ግን የበደላቸውን ሰው ስም ሲሰሙ ሆዳቸው ስለሚቃጠል «እኔ ይቅር አላልኩም፣ ጸሎቴም አይሰማም» ብለው ራሳቸውን ይኮንናሉ። አያቴ ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ትጾማለች፣ ለመቁረብ ግን ልቧ እንቢ ይላታል።

ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲላኩባት ተቀብላ፣ ጠላ ቀድታ፣ «ገና ነኝ» ብላ መለሰቻቸው። የነፍስ አባቷ አልተቆጧትም። «ልብሽ እሺ ሲልሽ ንገሪኝ» ነው ያሏት። እኒህን ቄስ አላየኋቸውም፤ ግን ከሰማሁት ሁሉ የምወድላቸው ይህን ነው። አላጣደፏትም፤ አልተዋትምም። በየጊዜው እየመጡ «እንዴት ነሽ? ልብሽስ?» ይሏት ነበር።

ኋላ ራሷ አስጠራቻቸው። አባቴ እዚያ ነበር፤ የነገረኝም እሱ ነው። ካህናቱ መስቀልና ሥዕለ ማርያም ይዘው ቆመዋል። ገዳዩ እስሩን ጨርሶ የወጣ፣ ያረጀ ሰው ነው። ጫማ የለውም፣ ጋቢውን አደግድጓል፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ በሁለት እጁ ይዞታል። ጎንበስ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ድንጋዩ ከወንዝ የወጣ ስለነበር እርጥቡ ጭቃ በአንገቱ ወርዷል። አያቴ ዝም ብላ ቆማ አየችው። ሽማግሌዎቹ «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አላሏትም፤ ጠበቁ። በመጨረሻ «አውርዱለት» አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የባሌ ደም ከንቱ ነው አላልኩም። ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። እሱ ያውቃል» አለች።

የዚያን ቀን ድግሱ ላይ አብራው አልበላችም። ይህንንም አባቴ አልደበቀኝም። እህል የተቋደሱት ከዚያ በኋላ፣ በአንድ ተዝካር ላይ ነው።

«ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለውን ቃሏን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ሮሜ 12 ላይ አገኘሁት። ቅዱስ ጳውሎስ «ተወዳጆች ሆይ፥ ራሳችሁ አትበቀሉ፥ ለቍጣው ፈንታ ስጡ እንጂ፤ በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ ይላል ጌታ» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል «ተዉት፣ ምንም አይደለም» እንደሚል ተደርጎ ይሰበካል። ቃሉ የሚለው ግን ሌላ ነው። እግዚአብሔር ብድሩ አይመለስም አላለም። የፈሰሰው ደም፣ የተወሰደው ንብረት፣ የጠፋው ስም ከንቱ ነው አላለም። «የእኔ ነው» ነው ያለው። ስለዚህ የተበደለ ሰው በቀልን ሲተው ፍትሕን እየጣለ አይደለም። እሱ ሊይዘው የማይችለውን ነገር ሊይዘው ለሚችለው እያስረከበ ነው። ፈራጅ የሌለ ቢሆን ኖሮ ምንሽሩን መሸጥ ሞኝነት በሆነ ነበር። አያቴ ሞኝ አልነበረችም። ፈራጅ እንዳለ ታምናለች።

በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ፎካሪ ላሜሕ ነው። ዘፍጥረት 4 ላይ ሁለት ሚስቶቹን ዓዳንና ሴላን ጠርቶ ይፎክርላቸዋል። ስላቆሰለኝ ጎልማሳውን ገደልኩት፣ ስለወጋኝ ብላቴናውን ገደልኩት ይላል። ቃየል ሰባት እጥፍ ከተበቀሉለት እኔ ላሜሕ ሰባ ሰባት እጥፍ ይበቀሉልኛል ይላል። ቀረርቶና ፉከራ ሲሰማ ያደገ የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ድምፁን ያውቀዋል። ቁስል ተቀብሎ ሞት የሚመልስ፣ በሚስት ፊት የሚፎክር ወንድ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ጴጥሮስ ወደ ጌታ ቀርቦ «ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ልተውለት? እስከ ሰባት ጊዜ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ጌታ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» አለው። ጌታ የላሜሕን ፉከራ አንስቶ የገለበጠው ይመስለኛል። ላሜሕ በቀልን ያበዛበትን ሰባትና ሰባ፣ ክርስቶስ ይቅርታን አበዛበት።

ወዲያው የተናገረው ምሳሌም አለ። አንድ ባሪያ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ አለበት፤ ተማረለት። ወጥቶ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። ይህ ሲሰበክ መቶ ዲናሩ ሁሌ እንደ ሳንቲም ይቆጠራል። ሳንቲም አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ደመወዝ ነው፤ መቶ ዲናር ከሦስት ወር በላይ የተሠራበት ገንዘብ ነው። ጌታ «የተበደልከው ትንሽ ነገር ነው» አላለም። የተበደልነው እውነተኛ ነገር ነው፣ ያማል፣ ቤት ያናጋል። እኛ የተማርነው ግን ከዚያ ጋር የማይወዳደር ነው። አንድ መክሊት ወደ ስድስት ሺህ ዲናር ነበርና፣ እልፍ መክሊት በቀን ሠራተኛ ደመወዝ ቢታሰብ ስድሳ ሚሊዮን ቀን ነው። በማንም ዕድሜ አይከፈልም።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። ወጣት ሳለሁ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ጓደኛዬ የምለው ሰው ያላደረግኩትን አደረገ ብሎ ፈረመብኝ። ከሥራ ወጣሁ። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች፣ የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር። እሱ በቦታዬ ተተካ። ለረጅም ጊዜ ማታ ማታ ከእሱ ጋር ስከራከር አድር ነበር። የማልነግረው ነገር አልነበረም፤ ሁሉንም ጣራ እያየሁ ነገርኩት።

ከዓመታት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልክ ተደወለልኝ። የማላውቀው ሰው ነው። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እገሌ የሚባል ሰው እኛ ጋ ለሥራ አመልክቶ ነበር። ከእርስዎ ጋር ሠርቷል ብለውን ነው። በሙያው እንዴት ነው?» አለኝ። እነሆ እጄ ገባ። ማንም ሳያውቅ፣ አንድ «እ…» ብዬ ዝም ብል እንኳ ይበቃው ነበር።

ዳዊት ዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦልን ያገኘው እንደዚያ ነው። ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ሊገድለው የሚያሳድደው ነው፤ አሁን ብቻውን፣ ሳያውቅ፣ ከፊቱ አለ። የዳዊት ሰዎች «እግዚአብሔር ነው የሰጠህ» አሉት። በቀል ሁሌም ሃይማኖተኛ መካሪ አያጣም። ዳዊት የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ስለዚያም እንኳ ልቡ መታው። ወጥቶ ለሳኦል የነገረው ቃል ነው ያን ቀን ጆሮዬ ላይ የመጣው። «እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ፥ እግዚአብሔርም ስለ አንተ ይበቀልልኝ፤ እጄ ግን በአንተ ላይ አትሆንም።» ዳዊት አልበደልከኝም አላለም። ይፈረድ ነው ያለው። እጄ ግን የለችበትም።

የተጠየቅኩት ስለ ሙያው ነው፤ እውነቱን ተናገርኩ። «ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል» አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ደስታም ሰላምም አልተሰማኝም። ደክሞኝ ነበር። ማታ ከእሱ ጋር መከራከሩ ግን ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ቀስ በቀስ በጸሎቴ ስሙን መጥራት ቻልኩ። መጀመሪያ ስሙን ብቻ ነበር የምጠራው፤ ከስሙ ቀጥሎ የምለምንለት ነገር አይመጣልኝም ነበር። ዛሬ ልጆቹን ጭምር አነሳለታለሁ። መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም እለዋለሁ፣ ቡና እጋብዘዋለሁ። ዋስ ሁነኝ ቢለኝ ግን አልሆነውም። ይህ ይቅርታዬን ጎዶሎ ያደርገዋል ብዬ አላምንም።

ለምን? ዮሴፍን ተመልከቱ። ወንድሞቹ በሃያ ብር የሸጡት ዮሴፍ እህል ሊገዙ ግብፅ ሲመጡ ወዲያው አንገታቸው ላይ አልተጠመጠመም። በአስተርጓሚ አናገራቸው። የሚነጋገሩትን እየሰማ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ከዚያ የብር ጽዋውን በብንያም ዓይበት አስደበቀ። ብዙዎች ይህን ሲያነቡ እያጉላላቸው፣ ትንሽ እየተበቀላቸው ይመስላቸዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሊያውቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። የራሔልን አንዱን ልጅ የሸጡ ሰዎች ሁለተኛውንስ ጥለውት ይሄዳሉ? የሸጡት ሰዎች ናቸው ወይስ ተለውጠዋል? ይሁዳ ወጥቶ «በብላቴናው ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ሲል ነው ዮሴፍ መታገሥ ያቃተው። ግብፃውያን እስኪሰሙት ድረስ ጮኾ አለቀሰ። በቀሉን ከተወ ቆይቷል፤ ቢፈልግ ኖሮ የመጡ ቀን ማሰር ይችል ነበር። እምነቱን የሰጣቸው ግን ይሁዳን ካየ በኋላ ነው።

የዚህ ታሪክ መጨረሻው ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይነካኛል። ያዕቆብ ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። አባታቸው ሲሞት ወንድሞቹ ፈሩ። «ምናልባት ዮሴፍ ይጠላን ይሆናል፤ ያደረግንበትን ክፋት ሁሉ ይመልስብናል» አሉ። 17 ዓመት እህሉን በልተው፣ በምድሩ ተቀምጠው፣ ይቅርታውን ገና አላመኑትም ነበር። ዮሴፍ ሲሰማ እንደገና አለቀሰ። መልሱም «አትፍሩ፤ በውኑ እኔ በእግዚአብሔር ፋንታ ነኝን?» የሚል ነበር። በቀል የእግዚአብሔር ወንበር ላይ መቀመጥ እንደሆነ ከዚህ በግልጽ የተነገረበት ቦታ አላውቅም። ይህን የሚለው ደግሞ ከፈርዖን ቀጥሎ ሁሉ በእጁ የነበረ ሰው ነው።

ለአንዳንዱ ይቅርታ እንዲህ ሳይዘገይ፣ ወዲያው ይሰጠዋል። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ባሕር ዳርቻ ላይ 21 ክርስቲያኖች መታረዳቸው ተሰማ፤ ሃያዎቹ የግብፅ ኮፕቶች፣ አንዱ ጋናዊ ነበሩ። ሁለት ወንድሞቹ የተገደሉበት አንድ ግብፃዊ በአንድ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ጣቢያ ስልክ ደውሎ ሲናገር ተሰምቷል። እናቱን ገዳዩን ብታገኚው ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ቢጠይቃት፣ ዓይኑን እንዲከፍትለት እግዚአብሔርን እለምናለሁ፣ ቤቴም አስገባዋለሁ እንዳለችው ተናገረ። ሁለት ወር አልፎ ጥቂት ቀን ሲሆን፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እዚያው ሊቢያ የተገደሉት የእኛዎቹም ዜና መጣ። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ለቅሶው ምን ይመስል እንደነበር የሚረሳ የለም። የዚያችን ግብፃዊት እናት ቃል በዚያ ሰሞን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ጸጋ ነው። ከሰው ጉልበት የሚወጣ ነገር አይደለም። ግን ይህን ጸጋ ያላገኘችን ሌላ እናት «እሷ እንዲህ ብላ የለም እንዴ?» ብሎ መውቀስ ጭካኔ ነው። ከአያቴ ቄስ የተማርኩት ይህን ነው።

እኛ አገር በዚህ በኩል አንድ ክፉ ልማድ አለን። የበደለው ሰው ድንጋይ ሳይሸከም፣ የተበደለው «ይቅር በል» ይባላል። ሽማግሌ የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ ደካማው ወገን ቤት ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ለልጆችሽ ስትይ»፣ «ለእግዚአብሔር ብለሽ» ትባላለች። ድብደባው ሳይቆም እርቅ ወረደ ይባላል። የእግዚአብሔርን ስም እዚህ ላይ መጥራት የሚያስፈራ ነገር ነው። በባህላችን ድንጋዩ የመጣው ያለምክንያት አይደለም። በዳዩ በአደባባይ፣ በጎረቤቱ ፊት፣ ጎንበስ ብሎ «አጥፍቻለሁ» እንዲል ነው።

በአገር ደረጃም አይተነዋል። በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ጠየቁ። ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያ ላይም ብዙዎቹ ተፈቱ። ያኔ ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል የተቃወሙ ነበሩ። ቂመኞች ተባሉ። እኔ እንደዚያ ልላቸው አልደፍርም። መንግሥት ቅጣት ሊያቀል ይችላል፤ ሥልጣኑ ነው። በቀይ ሽብር ልጇ መንገድ ላይ ተጥሎ ያየች እናት ይቅርታ ግን የእናትየዋ ነው። ማንም በእሷ ስም ሊሰጠው አይችልም፤ ፓትርያርክም ቢሆን፣ ፓስተርም ቢሆን፣ ፕሬዚዳንትም ቢሆን።

በቀልና ፍርድ የተለያዩ መሆናቸውን ካሳዩኝ ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. አትላንታ ከተማ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት፣ እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ሰው አየች። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሹም ሆኖ ያስገረፋት ሰው ነው። አንድ ጣራ ሥር፣ የሆቴል ሠራተኛ ሆነው። ማን ሊፈርድባት ይችል ነበር፣ ያኔ አንድ ነገር ብታደርገው? እሷ ግን እንደ እሷ ከተገረፉ ሁለት ሴቶች ጋር ሆና በ1990 ከሰሰችው። በ1993 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለሦስቱም ፈረደላቸው። ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰና ታሰረ። ሮሜ 12 «አትበቀሉ» ብሎ ሲጨርስ፣ ሮሜ 13 ስለ ባለሥልጣን ሰይፍ ይናገራል። ምዕራፎቹ የተቀጠሉት በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፍርድ ቤት ስትሄድ የራስህን እጅ እየሰበሰብክ ነው።

ሰሞኑን የማገኛት አንዲት ጓደኛችን አለች። ባሏ በድንገት ሞተ። ዓርባው ሳይወጣ የባሏ ወንድሞች ቤቱ የቤተሰብ ነው ብለው እሷንና ልጆቹን አስወጧት። አሁን ተከራይታ ትኖራለች። ክስ መሥርታለች። አንድ ቀን ቤታችን መጥታ፣ «ዳዊት እየደገምኩ የምጸልየው ያስፈራኛል» አለችኝ። «መዝሙር 108 ላይ ስደርስ የእነሱን ፊት ነው የማየው። ልጆቹ ድሀ አደግ ይሁኑ የሚለውን እነሱን እያሰብኩ ነው የምለው። ኃጢአት አይደለም?»

እኔ የነገርኳት የማምነውን ነው። ያ መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ የተቀመጠው አንቺን ለመሰለ ሰው ነው። ዳዊት ያን ሁሉ የተናገረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ለጠላቱ ደጅ ሄዶ አይደለም። አንድ ሰው የሆዱን ንዴት እንዲህ አውጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ሲያፈሰው፣ ለወንድም ለዘመድ ነግሮ ጠብ ከማስነሳት ሌላ መንገድ አግኝቷል። ለቁጣው ፈንታ መስጠት ይህም ነው። መዝሙሩን አታቋርጪው፤ ግን እዚያ ላይ አትቁሚ፣ የሚቀጥለውንም ድገሚ። የነፍስ አባትሽንም አማክሪ አልኳት። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር፤ ባለቤቴ ጀበናውን እንደገና ጣደች።

ባለፈው ወር የባሏ ወንድሞች ሽማግሌ ላኩባት። እነሱ ራሳቸው አልመጡም። ሽማግሌዎቹ «ክሱን አንሺና እርቅ ይውረድ፤ ይቅር ማለት የክርስቲያን ወግ ነው» አሏት። ጎረቤቷ አብራት ስለነበረች የሰጠችውን መልስ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«አባቶቼ፣ አልረግማቸውም። ልጆቻቸው ቢታመሙ ሄጄ እጠይቃለሁ። እኔን ያሉትን፣ ያንን ሌሊት ከነልጆቼ ያስወጡኝን፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ልተወው እየታገልኩ ነው፤ ጸልዩልኝ። ቤቱ ግን የልጆቼ ነው። የልጆቼን ቤት እኔ እንዴት ይቅር እላለሁ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስተው ግንባሯን ሳሟት። ቀጠሮዋ ግንቦት ውስጥ ነው።